ሳምሰንግ 870 ኢቮ፦ የሚያዛጋውን ኦል-ኢን-ዋን የቀሰቀሰው ዲስክ

ፍርዴን መጀመሪያ ልናገር፤ ጊዜ የሌለው ሰው እዚሁ ይበቃዋል። ኦል-ኢን-ዋን ኮምፒውተራችሁ (ስክሪኑና ማሽኑ አንድ ላይ የሆነው) ውስጥ ያለው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ፣ አውጡትና በቦታው ኤስኤስዲ፣ ማለትም በቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ ዲስክ፣ ግጠሙ። ቦታው ባለ 2.5 ኢንች ሳታ (የተለመደው የዲስክ መሰኪያ) ከሆነ ደግሞ ሳምሰንግ 870 ኢቮን ዓይኔን ሳላሽ እመክራለሁ። ግን ቆይ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ማሽኑን ክፈቱት። ጣጣው ያለው ዲስኩ ጋ ሳይሆን እዚያ ነው።

የእኔው ማሽን ባለ 23.8 ኢንች ነው። ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ሃርድ ዲስኩ 1 ቴራባይት። ሥራዬ የመጽሐፍ ገጽ ማቀናበር ስለሆነ ፎንት በፎንት ነኝ፤ አንዱን ለአርዕስት፣ አንዱን ለግርጌ እያልኩ የሰበሰብኩት ተከምሯል። ስክሪኑን እወደዋለሁ። ፕሮሰሰሩም ለእኔ ሥራ አያንስም። ጠዋት ጠዋት ግን የመክፈቻውን ቁልፍ ተጭኜ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ቡናዬን ይዤ ስመለስ ገና እየተንቀራፈፈ ነው የሚጠብቀኝ። የገጽ ማቀናበሪያውን ስከፍት ደግሞ ፎንቶቹን አንድ በአንድ እስኪቆጥር ልብ ያደርቃል።

ራም ጨምር ያሉኝ ነበሩ። ዊንዶውስ በአዲስ ጫን ያሉኝም ነበሩ። ታስክ ማናጀርን፣ ማሽኑ በምን እንደተጠመደ የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት፣ ስከፍት ግን ነገሩ ፍንትው አለ። ዲስክ 100% ላይ ቀልቷል፤ ፕሮሰሰሩ 8% ላይ ተኝቷል፤ ራሙም አልሞላም። ሦስቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው ምርመራውን ጨርሷል። እናንተም ብር ከማውጣታችሁ በፊት እዚህ መስኮት ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ አፍጡበት። ዲስኩ ዝቅ ብሎ ራሙ ከሞላ የእናንተ ችግር ሌላ ነው፤ ይህን ጽሑፍ እዚህ ልታቆሙት ትችላላችሁ።

ሃርድ ዲስኩ ለምን እንዲህ ይሆናል? የእኔው በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር ዓይነት ነው። ሲሰሙት ፈጣን ይመስላል። ሲያሰሉት ግን አንዱ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። የሚፈለገው ቁራጭ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ የዙሩን ግማሽ መጠበቅ አለ። ክንዱ ራሱ ከቦታ ቦታ የሚሄድበት ጊዜ ይጨመርበት። አንዲት ትንሽ ፋይል ለማምጣት 15 ሚሊሰከንድ አካባቢ ሄደ ማለት ነው። በሰከንድ ቢበዛ ስድሳ ሰባ ቢያመጣ ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ የሚፈልገው አንድ ትልቅ ፋይል አይደለም፤ የትም የተበተኑ ሺህ ጥቃቅን ፋይሎችን ነው። የእኔ ፎንቶችም እንደዚያው።

ኤስኤስዲ የሚዞር ነገር የለውም። ሳምሰንግ 870 ኢቮ ላይ ያስቀመጠው ቁጥር በሰከንድ እስከ 560 ሜጋባይት ማንበብ፣ እስከ 530 ሜጋባይት መጻፍ ነው። ሰው ሁሉ የሚያየው ይሄን ነው። እኔ ግን መረጃው ላይ ወረድ ብላ የተጻፈችውን ነው ያየሁት፦ ባለ 4 ኪሎባይት ቁራጮችን አንድ በአንድ ሲጠየቅ በሰከንድ እስከ 13,000። ከስድሳ ሰባ ጋር አስተያዩት። ማሽኑን ነፍስ የሚዘራበት ይሄኛው ቁጥር ነው። ለዚህም ነው "ሳታ እኮ ጊዜው አልፎበታል" ሲሉኝ ብዙም የማይሞቀኝ። እውነት ነው፣ የሳታ መስመር 6 ጊጋቢት ላይ ይቆማል፤ ከ560 ብዙም አይዘልም። ኤንቪኤምኢ የሚባሉት ፈጣን ኤስኤስዲዎች በቆየው መስመራቸው፣ በፒሲአይኢ 3.0 እንኳ ወደ 3500 ሜጋባይት ይደርሳሉ። ትልልቅ ቪዲዮ ከዚህ ወደዚያ ሲያመላልሱ የሚውሉ ሰዎች ልዩነቱን ያዩታል። ከሃርድ ዲስክ ወደ ሳታ ኤስኤስዲ የሚደረገው ዝላይ ግን ያንን ሁሉ የሚያስንቅ ነው። ከሳታ ወደ ኤንቪኤምኢ ሲኬድ ለእንደኔ ዓይነቱ ሥራ ልዩነቱን በዓይን መለየት ያስቸግራል።

በርግጥ ማሽናችሁ ለኤንቪኤምኢ የሚሆን የኤም.2 ማስገቢያ (ማዘርቦርዱ ላይ ጠፍጣፋ ካርድ የሚሰካበት) ካለው እሱን ውሰዱ። ገመድ የለውም፣ በአንዲት ብሎን ይታሰራል፣ የድሮው ሃርድ ዲስክም ቦታውን አይለቅም። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሸወድባት ነገር አለች። የእኔ ማሽን ሲከፈት ማዘርቦርዱ ላይ ኤም.2 አለ። ደስ ብሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳየው አጭር ናት፤ ላይዋ ላይ ሁለት ቀጫጭን ጥቁር ሽቦ የተሰካባት ትንሽ ካርድ ተቀምጣለች። የዋይፋይ ካርድ ናት። ማስገቢያዋ "ኢ" የሚባለው ዓይነት ነው፤ ኤስኤስዲ አይገባባትም። ለኤስኤስዲ የሚሆነው "ኤም" የሚባለው ሲሆን ቁርጡ በሌላ በኩል ነው። "ኤም.2 አለው" የሚል ወሬ ብቻ ሰምታችሁ እንዳትገዙ። ደግሞ ኤም ማስገቢያ ሆኖም ሳታ ብቻ ወይም ኤንቪኤምኢ ብቻ የሚቀበል አለ። የማሽኑ መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ አንብቡት።

ስለዚህ እኔ የቀረኝ ባለ 2.5 ኢንቹ ቦታ ነበር። 870 ኢቮ የመጣው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ቤተሰቡ ልሂድ፤ ስሙ የሚያምታታ ዘመድ አለው። 870 ኪውቮ (QVO፤ ኢቮው EVO ነው) ይባላል። ካርቶኑም ቅርጹም ይመሳሰላል፤ ዋጋው ወረድ ይላል። ኢቮ በአንዷ ማጠራቀሚያ ሦስት ቢት ያስቀምጣል፤ ኪውቮ አራት። ኪውቮ ባለ 1 ቴራባይቱ ፈጥኖ የሚጽፍበት ጊዜያዊ ማረፊያው እስኪሞላ ጎበዝ ነው። ከሞላ በኋላ መጻፉ በሰከንድ ወደ 80 ሜጋባይት ይወርዳል፤ ከሃርድ ዲስክ በታች ማለት ነው። ዋስትናውም 3 ዓመት ወይም 360 ቴራባይት መጻፍ ነው። የኢቮው 5 ዓመት ወይም 600 ቴራባይት፣ ቀድሞ የደረሰው። ፊልምና ፎቶ ብቻ ለሚከምር ሰው ኪውቮ አይከፋም። ዊንዶውስ ለሚጫንበት ዲስክ ግን እኔ በአንዲት ፊደል ምክንያት አልደራደርም።

600 ቴራባይት ያንሳል ወይ ብሎ የሚጨነቅ አለ። በቀን 30 ጊጋባይት ብትጽፉበት፣ እሱም ብዙ ነው፣ ከ50 ዓመት በላይ ይወስዳል። ዲስኩ ሳያልቅ ስክሪኑ ያልቃል። ይሄን ጭንቀት እርሱት።

ካርቶኑ ውስጥ ዲስኩና አንዲት ብጣቂ መመሪያ ብቻ ናቸው ያሉት። ገመድ የለ፣ ብሎን የለ። ቅር አላለኝም፤ ግን እወቁት። የድሮውን ዲስክ ወደ አዲሱ ለመገልበጥ ከሳታ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ገመድ ለብቻ መያዝ ያስፈልጋል። ዩኤስቢ 3 ይሁን፤ በ2ኛው ከሆነ ዕድሜ ልክ ነው።

ከመገልበጥ በፊት የድሮውን ዲስክ ጤንነት እዩ። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ። ሰማያዊ ካለ ደህና ነው። ቢጫ ካለ ዲስኩ አንዳንድ ቦታው ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ያኔ ሙሉውን ልገልብጥ እያላችሁ አታስጨንቁት። መጀመሪያ የራሳችሁን ሰነድና ፎቶ ኤክስተርናል ላይ አውጡ። የእኔው ሰማያዊ ነበር። ቢሆንም ሥራዬን ለብቻ ባካፕ አደረግኩ። ዲስክ መቼ እንደሚከዳ አይነግርም።

ቢትሎከር ወይም የመሣሪያ ምስጠራ የሚባለው በርቶ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ አጥፉት ወይም ለጊዜው አቁሙት። የመክፈቻ ኮዱን፣ ያቺን 48 አሃዝ፣ ወረቀት ላይ ጻፏት። ብዙ ሰው ምስጠራው መብራቱን እንኳ አያውቅም፤ በዊንዶውስ 11 ብዙ ማሽን ላይ ሳትጠየቁ በራሱ ሊበራ ይችላል። ዲስክ ከቀየራችሁ በኋላ ሰማያዊ ስክሪን ላይ ኮድ ስትጠየቁ ነው ጉዱ የሚፈላው።

ለግልበጣው የሳምሰንግ የራሱ ዳታ ማይግሬሽን የሚባል ሶፍትዌር አለ። የሚሠራው የሚገለበጥበት ዲስክ ሳምሰንግ ሲሆን ብቻ ነው። ምንጩን ይመርጣሉ፣ መድረሻውን ይመርጣሉ፣ ጀምር ይላሉ። ስለዚህ ሶፍትዌር የምጽፈው ከዚህ በላይ የለኝም፤ ሥራውን ሠርቶ ወጣ። በነጻ ሌላ ከፈለጋችሁ ክሎንዚላ አለ፤ መልኩ ያስፈራል፣ ግን ጎበዝ ነው። ከዚህም ከዚያም መጎተት የሰለቸው ሰው ባዶው ኤስኤስዲ ላይ ዊንዶውስ በአዲስ መጫን ይችላል። ማሽኑ ላይ የተጫነ ፍቃድ ካለ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ያውቀዋል።

አሁን ወደ መክፈቱ። እዚህ ላይ ነው ወገቤን የያዘኝ።

የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቀልኩ። ከዚያ የመክፈቻውን ቁልፍ ተጭኜ ትንሽ ያዝኩት፤ ውስጥ የቀረ ኃይል ካለ እንዲወጣ። ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ፎጣ አንጥፌ ስክሪኑን በፊቱ ደፋሁት። ፎጣው ላይ ምንም ፍርፋሪ እንዳይኖር በእጄ ዳሰስኩት፤ ስክሪኑን የሚገድለው የማሽኑ ክብደት ሳይሆን ከሥሩ የምትቀር አንዲት ጠጠር ናት። እግሩን በካቻቢቴ ፈታሁት። ከዚያ በኋላ ብሎን የለም። የጀርባው ሽፋን ዙሪያውን በፕላስቲክ ጥርስ ነው የተነከሰው።

ብረት አትጠቀሙ። ካቻቢቴ ፕላስቲኩን ያቆስለዋል፤ ገባ ካለም ስክሪኑን ያገኘዋል። እኔ ያረጀ የባንክ ካርድ ነው የተጠቀምኩት። ከታች፣ የድምፅ ማጉያው ቀዳዳ አጠገብ፣ ክፍተቱ ትንሽ ሰፋ ይላል። ካርዱን እዚያ ሰካሁትና ወደ ጎን ገፋሁት። "ቋ!" አለ። አንድ ጥርስ ለቀቀ። ድምፁ የሆነ ነገር የተሰበረ ያስመስላል፤ አልተሰበረም። እንዲህ "ቋ፣ ቋ" እያልኩ ዞርኩት። ላይኛው ጥግ ላይ ግን አንዱ ጥርስ እውነትም ተሰበረ። የዚህን ማሽን አምራች ስሙን አልጠራም፤ ነገር ግን ሰው የሚከፍተው ዕቃ ላይ እንዲህ ቀጭን ጥርስ ማድረግ ምን የሚሉት ነው? አራት ብሎን ቢያደርጉበት ምን ይጎድልባቸው ነበር?

ሽፋኑ ሲላቀቅ ብድግ አድርጋችሁ እንዳታነሱት። በጎን አጮልቁ። አንዳንዱ ማሽን ላይ ሽፋኑና ማዘርቦርዱ በቀጭን ገመድ የተያያዙ ናቸው። የእኔ ላይ የድምፅ ማጉያው ገመድ ነበር፤ ከጥፍር ያነሰች ነጭ መሰኪያ። ገመዱን ሳይሆን መሰኪያዋን ይዞ ወደኋላ ማውጣት ነው።

ሃርድ ዲስኩ በቀኝ በኩል በብረት ማቀፊያ ውስጥ ተቀምጧል። ማቀፊያው አራት ጥግ ላይ ሰማያዊ ላስቲክ አለው፤ የዲስኩ መንቀጥቀጥ ወደ ስክሪኑ እንዳይሄድ ነው። አንዷን ብሎን ፈትቼ ወደ ጎን ሳንሸራትተው ከመሰኪያው ወጣ። ገመድ እንኳ የለውም፤ ቀጥታ ነው የሚሰካው። ከማቀፊያው ጎን ያሉትን ብሎኖች ፈታሁ፣ ሃርድ ዲስኩን አወጣሁ፣ 870 ኢቮን በቦታው አስቀመጥኩ። ብሎን ቀዳዳዎቹ ልክክ አሉ። ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ነው፤ የእኔው ሃርድ ዲስክም 7 ነበር። የእናንተ 9.5 ከሆነና ማቀፊያው በብሎን የማያስር ከሆነ ቀጭን ማካካሻ ፕላስቲክ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ዲስኩ ይንቀጫቀጫል። እጄ ላይ መጀመሪያ የተሰማኝ ክብደቱ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ዲስኩን የረሱት እስኪመስል ድረስ ቀሊል ነው።

ማቀፊያውን መልሼ ስሰካው ግን አቧራውን አየሁት። ፋኑ ላይ ግራጫ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። በብሩሽ ጠራረግኩት። ከተከፈተ አይቀር ይሄን ሥራ አትዝለሉት፤ እንደገና የምትከፍቱት በስንት ዓመታችሁ ነው?

ሽፋኑን ሳልነክሰው በፊት ሞከርኩት። ገመዱን ሰካሁና አበራሁ። ዊንዶውስ ምንም ሳይጠይቅ ተነሳ፤ እንደተለመደው ፊቴን ልታጠብ ብሄድ ኖሮ ያመልጠኝ ነበር። በፊት ከሁለት ደቂቃ በላይ ይፈጅ የነበረው 20 ሰከንድ ገደማ ሆነ። ገጽ ማቀናበሪያው ፎንቶቹን እየቆጠረ የሚያሳይባት ጽሑፍ አለች፤ አሁን ለማንበብ አትደርሱባትም። ታስክ ማናጀር ላይ ዲስኩ አንዴ ሽቅብ ይልና ወዲያው ዜሮ አካባቢ ይቀመጣል። ከሁሉ ይልቅ አንጀቴን ያራሰው ግን ዝምታው ነው። ያ የሚያጉረመርም ድምፅ ከዲስኩ እንደነበር ያወቅኩት ሲጠፋ ነው።

ዲስኩ 1 ቴራባይት ቢባልም ዊንዶውስ 931 ጊጋባይት ነው የሚያሳየው። ተሰርቃችሁ አይደለም። አምራቹ በሺህ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024። የሚባክን ነገር የለም።

በኋላ ሜጂሺያን የሚባለውን የሳምሰንግ ሶፍትዌር ጫኑ። ፈርምዌሩን (ዲስኩ ውስጥ ያለውን የራሱን ሶፍትዌር) እንድታዘምኑ ከጠየቃችሁ እሺ በሉት። አስመስሎ የተሠራ ዲስክም ስለማይጠፋ፣ ሜጂሺያን "ይሄ የእኔ አይደለም" ካለ ወደ ሻጩ መመለስ ነው። ከዚያ ውጭ የሚነካ ነገር የለም። ድሮ ለሃርድ ዲስክ ይደረግ የነበረውን ዲፍራግመንት፣ የተበታተነ ፋይል የመሰብሰብ ሥራ፣ ለዚህ አታድርጉለት። ዊንዶውስ ራሱ ትሪም የሚባለውን የኤስኤስዲ ጽዳት በየጊዜው ያካሂዳል።

የወጣውን ሃርድ ዲስክስ? ማሽኔ በጎኑ ዲቪዲ ማጫወቻ አለው። ዲቪዲ የነካሁበትን ቀን አላስታውስም። ለዚህ የሚሆን ካዲ የሚባል ማቀፊያ አለ፤ ዲቪዲው ይወጣና ካዲው ውስጥ የገባ ሃርድ ዲስክ በቦታው ይገባል። ሁለት ውፍረት አለው፦ 9.5 እና 12.7 ሚሊሜትር። የዲቪዲውን ውፍረት በማስመሪያ ለኩ፤ በግምት አይሆንም። ኤስኤስዲውን ዋናው ቦታ፣ ሃርድ ዲስኩን ካዲው ውስጥ ማድረግ ይሻላል፤ በአንዳንድ ማሽን የዲቪዲው መስመር ቀርፋፋ ነው። እኔ ያለቁ መጻሕፍትን ፋይል እዚያ ነው የማኖረው። ነገሩ ግን እንከን አለው። ሃርድ ዲስኩ ሥራ ሲፈታ ይተኛል፤ ፎልደሩን ስከፍት እስኪነቃ ማሽኑ ለአፍታ ቀጥ ይላል። ዝምታዬም እዚያች ላይ ይሰበራል። ለሥራ የማይነካ ዕቃ ከሆነ ብቻ አድርጉት፤ አለበለዚያ ከመጀመሪያው ባለ 2 ቴራባይቱን ኢቮ መግዛት ነው።

የአይማክ ባለቤቶች እንዳትቀኑብኝ። ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ የወጡት ቀጫጭኖቹ ስክሪናቸው በማጣበቂያ የተለጠፈ ነው፤ ለመክፈት መቁረጥ፣ ለመዝጋት አዲስ ማጣበቂያ መለጠፍ ይጠይቃል። መስታወቱ ከተሰነጠቀ ደግሞ ዲስኩ ቀርቶ ሌላ ወጪ ነው። በ2021 የወጣው ባለ 24 ኢንቹ ደግሞ ቢከፈትም አይረዳም፤ ስቶሬጁ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ሃርድ ዲስክ ያለው የድሮ ባለ 21.5 ኢንች ካላችሁ ውጭ የሚሰካ ኤስኤስዲ በዩኤስቢ 3 አድርጋችሁ ማክኦኤስን እዚያ ላይ ጫኑት። ከጀርባው በሁለት ፊት ማጣበቂያ ለጥፋችሁት ልትረሱት ትችላላችሁ፤ የውስጡ ሃርድ ዲስክ ለባካፕ ይሆናል።